ኖራ

ሚስማርና ገመድ፣ ቀለምና ኖራ፣
ይህ ነው የኔ ንግድ፣ ይህ ነው የኔ ሥራ፤
ፋያል ደሴት ላይ ነኝ፣ አትላንቲክ መሐል፣
ነፋሱ ከሱቄ ሂሳብ ሳይከፍል ይገባል።
ድንበራችን ሁሉ የአበባ ነው አጥር፣
ኦርቴንሲያ ተሰልፎ ከባሕር እስከ ባሕር፤
አፈሩ የእሳት ልጅ፣ ኮምጣጣ ነው ጣሙ፣
ከዚያ የጠጣ ሥር ሰማያዊ ነው ደሙ።

አማንስዮ፣ ኤርሚንዮ፣ ያንድ እናት ልጆች፣
ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የማይነጋገሩ ጎረቤቶች።
ነገሩ ምን መሰላችሁ፦ በኑዛዜዋ ቃል
«ድንበሩ በቤቴ፣ በጓሮው ግድግዳ ይሆናል»
ብላ ነበር እናታቸው ዴኦሊንዳ። ቤቱ ግን የታለ?
መሬት ስትናወጥ በአንድ ሌሊት ፈረሰ፤
ድንጋዩ በጋሪ ለመንገድ ተጫነ፣
ሣር በቀለበት፣ ላም ጋጠው፣ ቦታው ተከደነ።
አንዱ ወደ ባሕር፣ አንዱ ወደ ተራራ እየሳበ፣
ሦስት ላም ተሸጠ፤ ጠበቃው ጠገበ።
በመጨረሻ ኤርሚንዮ በእልህ ተነሣና፣
ሜዳው ላይ ኦርቴንሲያ ተከለ፣ «ይኸው ድንበሬ» አለና።

በሦስተኛው በጋ አበባው ሲፈካ፣
ሰማያዊ፣ ሰማያዊ፣ ከዚያ ሮዝ፤ ዐሥራ አራት እርምጃ ሲለካ፤
ከዚያ ሰማያዊ እንደገና፣ እስከ ገደሉ ድረስ።
መንደሩ «መርዝ ነው»፣ «ችግኙ ነው»፣ «አስማት ነው» ሲል፣ ሲተራመስ፣
ዶና ኡምቤሊና፣ ጡረታ የወጣችው የኬሚስትሪ መምህር፣
መነጽሯን ጠርጋ «ብርጭቆ አምጣ» አለችኝ፣ «የዝናብ ውሃም ጨምር።»
የዐሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከሮዙ ሥር አንድ እፍኝ፣ ከሰማያዊው ሥር አንድ እፍኝ፣
በሁለት ብርጭቆ በጠበጥኩ፤ ጭቃው እስኪረጋ ልቤ አላስቀምጥ አለኝ።
ሐምራዊ ወረቀት፣ ሊትመስ የሚሉት፣
ነክራ ስታወጣው፣ ሁሉም አንገቱን አሰገገበት።

ከሰማያዊው አበባ ሥር ወረቀቱ ቀላ፤
ከሮዙ ሥር ደግሞ ሰማያዊ ሆነ፣ በተገላቢጦሽ፣ በሌላ።
«ወረቀቱ ይዋሻል!» አለ አንዱ። «አበባው ነው!» አለ ሌላ ሰው።
ዶና ኡምቤሊና ሳቀች፤ ሳቋ እንደ ሆምጣጤ ዓይን የሚያስጨፍን ነው፦
«አንዱም አይዋሽ። አሲድ ሲያገኝ ያ ይቀላል፣ ይሄ ሰማይ ይለብሳል፤
ቋንቋቸው ተቃራኒ ነው እንጂ ምስክርነቱ አንድ ይሆናል።
ሎሚ ጥርስ ያጠርሳል፣ ሳሙና ጣት ላይ ያሟልጫል፤
ይህ መሐል ያለው አፈር ወገኑ የሳሙና ይመስላል።
የእሳት ልጅ ከየት አመጣው ይህን ጠባይ?
ቆፍሩ፤ መልሱ ከሥር ነው እንጂ አይደለም ከላይ።»

አማንስዮ ቆፈረ። ከክንድ በታች ዶማው ነጭ ነገር ነከሰ፣
እንደ ሽንኩርት የተደራረበ፣ ልጣጭ በልጣጭ የፈረሰ፤
ኖራ። ከሳንታ ማርያ ደሴት በጀልባ ተጭኖ የመጣ፣
በየዓመቱ፣ ከመንፈስ ቅዱስ በዓል በፊት፣ ዴኦሊንዳ የምትቀባው፣ ቤቷ እንዲነጣ።
አርባ ልባስ ቆጠርን፤ ከዚያ መሸ፣ ቁጥሩን ተውነው።
ኤርሚንዮ ጎንበስ አለ፦ የእናቱን ወጥ ቤት ነው በአጥር የሰነጠቀው፤
አማንስዮም «ቦታውን አውቃለሁ» ሲል የኖረው፣ ለካ እሱም አያውቀው።

አልተቃቀፉም። ይህ ተረት አይደለም፤
ፋይሉ ተዘጋ የሚል እስካሁን የለም።
ዶና ኡምቤሊና ሞታለች፤ ብርጭቆዎቹ እኔ ዘንድ አሉ።
ዝናብ ግን ኖራ ያጥባል፤ ሮዞቹ ባመት ባመቱ ይደበዝዛሉ።
ሊጠፉ ሲሉ፣ በየየካቲቱ፣ ሱቄን ልዘጋ ስል በምሽት፣
ከሁለቱ አንዱ ይመጣል፤ ግማሽ ኪሎ ኖራ ይገዛል፤ «ለዶሮ ቤት።»

ዶሮ የለውም።
የትኛው እንደሆነ አልነግራችሁም።
ዳኛ ቢሰማ «ማስረጃ ማዛባት» ይለው ይሆናል፤
እኔ ግን ስመዝንለት እጄ ትንሽ ይበዛል።

በበጋ አንድ መንገደኛ ቆሞ፣ ጣቱን ወደ ሮዙ ቀስሮ፣ ለምን እንደተለየ ሲጠይቅ ሳየው፣
«እናታቸው» እላለሁ፣ «እዚህ ኖራ ነው።»